የአክሱም ማስታወሻና የለንደን ፍሎፒ ዲስኮች

አርኪዮሎጂስት የሚያጠናውን እያፈረሰ ነው የሚያጠናው። አንዴ የተነሣ አፈር እንደነበረ አይመለስም፤ የሚቀረው የተመዘገበው ብቻ ነው።

ኔቪል ቺቲክ አክሱም ላይ ከ1972 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ቆፈሩ። አብዮቱ ሥራውን አቋረጠው፤ እሳቸውም ሙሉ ውጤቱን ሳያሳትሙ በ1984 አረፉ። ስቱዋርት መንሮ-ሄይ ከቀሩት መዛግብት አጠናቅረው በ1989 አሳተሙት። ግልጽ ያልሆነ ነገር ሲገጥማቸው ቆፋሪውን መጠየቅ አይችሉም፤ ወረቀቱ ግን ይነበብ ነበር።

መረጃን በሥርዓት የመያዝ ጥረት ኮምፒውተር ይዞት የመጣ አይደለም። ኤድዋርድ ሃሪስ የአፈር ንብርብሮችን ቅደም ተከተል በሥዕል የሚያሳየውን ዘዴ የነደፉት በ1973፣ በእንግሊዟ ዊንቸስተር ነው፤ ለዚያ ወረቀትና እርሳስ በቂ ነበር። በ2010 ደግሞ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፖምፔ ላይ ወረቀቱን ትቶ አይፓድ ይዞ ጉድጓድ ወረደ። ጥቅሙ አያከራክርም፤ ማታ ማታ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ቀረ፣ በግልበጣ የሚመጣው ስሕተትም አብሮ ቀነሰ።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። የዲጂታል መመዝገቢያው ቅጽ «ቀይ፣ ቡናማ፣ ግራጫ» ብቻ ብሎ ካስመረጠ፣ በቀይና በቡናማ መካከል ያለውን አፈር ያየ ቆፋሪ ምን ይሙላ? ቅጹን ቢሮ የተቀመጠ ባለሙያ ብቻውን ከሠራው፣ አካፋ የያዘው ሰው ያየው ነገር መግቢያ ያጣል። በነጻ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ የሌለው ዳታቤዝ፣ በእኔ እምነት፣ ከደብተር ያነሰ ነው።

የዲጂታል መዝገብ ዕድሜም ሌላው ሥጋት ነው። የምሥራቅ ለንደኑ የኒውሃም ሙዚየም የአርኪዮሎጂ አገልግሎት በ1998 ሲዘጋ፣ ከ200 በላይ ፍሎፒ ዲስኮች ለብሪታንያ የአርኪዮሎጂ መረጃ ማዕከል ተላለፉ። ከውስጣቸው ጨርሶ ሊከፈቱ ያልቻሉ ፋይሎች ነበሩ፤ ከተከፈቱትም ቢሆን በውስጣቸው የነበሩት ኮዶች ፍቺ ስላልተጻፈ ትርጉም ያልሰጡ ነበሩ። ቺቲክ ከቆፈሩ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ወረቀታቸው መጽሐፍ ሆነ፤ የኒውሃም ዲስኮች ግን ቢሮው በተዘጋ ማግስት ባለሙያ አስጨነቁ።

አገራችን ውስጥ ያለ ፈቃድ መቆፈር በሕግ ክልክል ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል ታዲያ የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ ቡድን ከመስክ ሳይወጣ የዲጂታል መዝገቡን፣ በማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፈት ፋይልና ከነኮዶቹ ማብራሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ እንዲያስረክብ ያስገድድ። አንድ ቅጂም ቁፋሮው ለተካሄደበት አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ይሰጥ።