ከሽማግሌው በፊት

የቤት ውስጥ ጥቃት ፖሊስ ጣቢያ ወይም ጠበቃ ዘንድ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ነው የሚደርሰው፤ «ባለቤቴ ደበደበኝ» ተብሎ። መቼ፣ በምን፣ ለስንተኛ ጊዜ፣ ማን እያየ የሚለው የለበትም። ከዚያች መስመር በስተጀርባ ግን ዓመታት አሉ። እናት ቤት ተሄዶ ተመልሷል፣ የነፍስ አባት መክረዋል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ አስታርቋል፣ እንደገናም ተቀምጧል። በዚህ መሀል እብጠቱ ጠፍቷል፣ የሰማችው ጎረቤት ቤት ቀይራለች፣ የተቀደደው ልብስ ተጥሏል። በሕግ ሙያችን በኩል ሆኜ ሳየው ብዙ መዝገብ የሚወድቀው ሕጉ ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ የባልና ሚስት ጠብ ተብሎ ስለሚያዝና ወደ ሕግ የሚመጣው ማስረጃው ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው።

ተጋብተው የማይጣሉ የሉም። በጠብ ጊዜ ግን ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ያኮርፋሉ፣ ሲታረቁም ሁለቱም የሆነ ነገር ይተዋሉ። ጥቃት ባለበት ቤት አንዱ ብቻ ነው የሚፈራው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አድርገሽው ነው?» ሳይሆን «ማን ማንን ይፈራል?» መሆን አለበት። ደመወዟ በስሟ ይገባል፣ ካርዱ ያለው ግን እሱ ኪስ ነው። ስልኳ ማታ ማታ ይፈተሻል። እህቷን ለመጠየቅ ፈቃድ ትለምናለች፣ ከዘገየች ደግሞ ወደ ቤት እየተመለሰች ምን እንደምትል ትለማመዳለች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ባልየው ከምርመራ ክፍሉ አይወጣም፤ «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» ብሎ የሚመልስላትም እሱ ነው። እነዚህ ነገሮች ደም አያሳዩም፤ ከመጀመሪያው ጥፊ በፊት ግን አብዛኞቹ እዚያው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት አለ ብለው የተስማሙት ደግሞ ከሴቶቹ 63 በመቶው፣ ከወንዶቹ 28 በመቶው ናቸው። ይህን ቁጥር ሴቶች ዱላ ይወዳሉ ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። እኔ የማነበው ተጠቂዋ ራሷ የደረሰባትን ጥቃት ብላ እንዳትጠራው ስንት ዓመት እንደተመከረች ነው።

ሕጉም ቢሆን በቁስል የመመዘን ልማድ አለበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ ይናገራል፤ የአእምሮ ጤናንም ይጠቅሳል። ቅጣቱን ግን ለራሱ አላበጀም፤ ወደ ተራው የአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ይመራል። ከእነዚህ አንዱ አንቀጽ 560 ሲሆን፣ ቀላል መላላጥን፣ እብጠትንና ወዲያው የሚያልፍ ሕመምን የአካል ጉዳት አድርጎ አይቆጥርም። በሳምንት አንዴ የምትመታ ሴት እያንዳንዱ ምት ለብቻው ሲመዘን የእጅ እልፊት ሆኖ ይቀራል፤ የዓመታቱን ድምር የሚመዝንላት አንቀጽ የለም። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ደግሞ «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ባልን ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ በ1998፣ ዩጋንዳ በ2010፣ ኬንያ በ2015 እንዳወጡት ያለ፣ ፍርድ ቤት አጥቂውን «አትቅረባት» ብሎ የሚያዝበት ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ እኛ ዘንድ አልወጣም። ታዲያ ሕጉ እንዲህ ከሆነ ወደ ሕግ መሄድ ምን ይጠቅማል ቢባል፣ መልሴ እዚሁ ነው። ሕጉ ድምሩን ስለማያይ ድምሩን የምታሳየው የተመዘገበች እያንዳንዷ ቀን ናት። ያኔ የወጣ የሕክምና ማስረጃና ያኔ የተሰጠ ቃል ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣው መዝገብ የጀርባ አጥንት ይሆናሉ።

ትልቁ ተቃውሞ የሚመጣው ከሽምግልና ወገን ነው። ሽምግልና የኖረ ሀብታችን ነው፤ በድንበር፣ በውርስ፣ በደም ሳይቀር ስንቱን አብርዷል፤ ለምን ይናቃል ይላሉ። አይናቅም። ሽምግልና የሚሠራው ግን ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያሻቸውን መናገር ሲችሉ ነው። እዚህ ሴትየዋ ቃሏን የምትሰጠው እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ነው፤ ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሲሄዱም በሩን ዘግታ አብራው የምታድረው እሷ ናት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲባል እምቢ የምትልበት ቦታ የላትም። የሕግ አውጪውም ፍርድ ወደዚሁ ያዘነብላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎችን ፍቺ እስከመወሰን ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ያን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፣ ሽማግሌዎቹ የማስማማት ድርሻ ብቻ ቀረላቸው። ደግሞም በግል አቤቱታ የሚታይ ወንጀል አቤቱታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ሽምግልናው ሲጓተት ገደቡ ሊያልፍ ይችላል፤ ከእርቁ በኋላ አቤቱታዋን ካነሳች መዝገቡ ይዘጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕግ ቤት ያፈርሳል፣ ልጆች ይበትናል የሚለው ነው። ብዙ ሴቶችን ያሰረው ግን የልጆቹ ነገር ብቻ አይመስለኝም፤ «ከወጣሁ ቤቱም ይቀራል» የሚለው ፍርሃት ነው። ይህ ፍርሃት የሕግ መሠረት የለውም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ (ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው የሚለው እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሕይወቷን ለማዳን ከቤት የወጣች ሴት ድርሻዋን ትታ አልወጣችም። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ መስጠት እንዳለበት አንቀጽ 82 ይደነግጋል፤ አብረው መኖር ካልቻሉ ማን ቤቱን ይልቀቅ የሚለውንም የልጆቹን ጥቅም አይቶ ይወስናል። ፍቺው በአንደኛው ጥፋት የመጣ ከሆነ ለሌላኛው ከንብረቱ ብልጫ ሊሰጠው፣ ካሳም ሊወሰን ይችላል። ሳይፈራረሙ አብረው ለኖሩም ቢሆን ግንኙነቱ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሰምታ ላለመፋታት የምትወስን አለች፤ መብቷ ነው። የወንጀል አቤቱታና ፍቺ የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ ቃል የሰጠች ሁሉ ትዳሯን አላፈረሰችም።

በሐሰት የሚከሱ አሉ ይባላል። ይኖራሉ፤ በሐሰት መክሰስም ራሱ ወንጀል ነው። በጊዜው የተያዘ ማስረጃ ንጹሑንም የሚያድን ስለሆነ ይህ ሥጋት የሚያስረዳው የእኔኑ ሐሳብ ነው። የሚጠቁ ወንዶችም አሉ፤ አንቀጽ 564 ጾታ አይለይም።

ደረስ ብሎ መርዳት የሚፈልግ ሰው የሚከተለው መንገድ ይህን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ሲደረስ ሴቶችና ሕፃናትን የሚመለከተውን ክፍል መጠየቅ፤ ቃል ሲሰጥ «ደበደበኝ» ብሎ ከማቆም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተመታችበትን ነገር፣ የዛቻውን ቃል እንዳለ፣ ከዚህ በፊት የሆነውንም ማስመዝገብ፤ ከመፈረም በፊት ማስነበብ፤ በዚያው ቀን የፖሊስ ደብዳቤ ይዞ ሆስፒታል መሄድ። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለወሲባዊ ጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ብዙ የታገለው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የየዩኒቨርሲቲው የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ያለ ክፍያ ይረዳሉ፤ ማደሪያ ለሌላት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው። ቤት ውስጥ ካለችም መታወቂያዋን፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀቶችን፣ የባንክ ደብተሯን ኮፒ እምነት የምትጥልባት ሰው ጋ ታስቀምጥ።

ቀደም ሲል በጠቀስኩት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከጠየቁትም የሚበዙት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰማት እርስዎ የመሆንዎ ዕድል ሰፊ ነው። ለሽምግልና ሲጠሩ ከመቀመጥዎ በፊት እሷን ለብቻዋ ያነጋግሩ። ትፈራዋለች? እንግዲያው ሽምግልናው ይቆይና አብረዋት ጣቢያ ይሂዱ።