ሂትለርን ያነገሠው ረሃብ ነው? ተረቱና እውነታው

በጋሪ ብር ጭኖ ዳቦ ሊገዛ ስለወጣ ጀርመናዊ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ታሪኩ ሲነገር መደምደሚያውም አብሮ ይመጣል፤ ገንዘቡ ወረቀት ሆነ፣ ሕዝቡ ተራበ፣ የተራበው ሕዝብ ሂትለርን መረጠ ይባላል። የዋጋ ንረቱ እውነት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 1923 አንድ ዶላር በ4.2 ትሪሊዮን ማርክ ይመነዘር ነበር። ከታሪኩ ጋር የማይገጥመው ዘመኑ ነው። ሂትለር በዚያው ወር ሙኒክ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሸፈበት በኋላ ታሰረ። አዲስ ገንዘብ ወጥቶ ኑሮው ሲረጋጋ ደግሞ የሚሰማው አጣ፤ በሜይ 1928 በተደረገው ምርጫ ፓርቲው ያገኘው 2.6 በመቶ ድምፅ ብቻ ነበር። ንረቱ የብዙ ቆጣቢዎችን ጥሪት በልቶ በሪፐብሊኩ ላይ የነበራቸውን እምነት እንደሸረሸረው አልክድም። ግን ለሂትለር በር የከፈተለት የዚያ ዓመት ጋሪ አይደለም።

በሩን ያላላው ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣው ሌላ ዓይነት ችግር ነው። የጀርመን ኢኮኖሚ ከ1924 ጀምሮ የቆመው በአብዛኛው ከአሜሪካ በተገኘ ብድር ስለነበር፣ በ1929 የኒውዮርክ ገበያ ሲወድቅ ብድሩ ደረቀ፣ ፋብሪካዎችም ተዘጉ። በዚህ ጊዜ ዋጋ አልናረም፤ እንዲያውም ወረደ። ቻንስለር ብሩኒንግ ግን የ1923ቱ እንዳይደገም ሰግተው በጀት አጠበቡ፣ ደመወዝና የሥራ አጥ ድጎማ ቀነሱ፣ ግብር ጨመሩ። ምክር ቤቱ ሲቃወማቸውም በፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ድንጋጌ ገዙ። በ1932 መጀመሪያ የተመዘገበው ሥራ አጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የናዚዎች ድምፅም በ1930 ወደ 18.3 በመቶ፣ በጁላይ 1932 ወደ 37.3 በመቶ ወጣ።

«እንግዲያው ያመጣው ድህነት መሆኑ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ያለዚያ ችግር 2.6 በመቶው 37 ሊሆን ባልቻለም ነበር። ነገር ግን ሥራውን ያጣው የፋብሪካ ሠራተኛ በብዛት የሄደው ወደ ኮሚኒስቶቹ ነው። ለናዚዎች ከሌላው ሁሉ አብልጦ ድምፁን የሰጠው የፕሮቴስታንት አካባቢዎች አነስተኛ ገበሬ፣ ባለሱቅ፣ የእጅ ባለሙያና ጡረተኛ ነበር፤ ገና ጨርሶ ያላጣ፣ ነገ አጣለሁ ብሎ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው። አሜሪካም በ1933 ከአራት ሠራተኞቿ አንዱ ያህል ሥራ ፈትቶባት ነበር፤ ወደ ሥልጣን ያመጣችው ግን ሩዝቬልትን ነው። የኑሮ መክፋት ሰውን ከነበረበት ይነቅለዋል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግረውም።

ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ቂም ነው። እዚህም ላይ አንድ የተለመደ እምነት አለ፤ ጀርመኖችን ያመረራቸው የቬርሳይ ውልና የጦር ካሳው ነው ይባላል። ውሉ ከባድ ነበር። ሆኖም የ1919ኙ ውል ናዚዎች 2.6 በመቶ ሲያገኙም በሥራ ላይ ነበር። ፓርቲው በነጻ ምርጫ ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘው ደግሞ ሎዛን ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ካሳውን በተግባር ባስቀሩበት በዚያው በጁላይ 1932 ነው። ቂም የሚያድገው በበደሉ ልክ ቢሆን ኖሮ በዚያ ወር መርገብ ነበረበት። ያልረገበው በደለኛ ተብሎ የተሰየመው ባለ ካሳው የውጭ መንግሥት ብቻ ስላልነበረ ነው። በ1918 መከር ጦርነቱ እንዳበቃለት አውቆ ተኩስ ይቁም ብሎ መንግሥትን ያጣደፈው ጄኔራል ሉደንዶርፍ ነበር፤ ለመፈረም የተላከው ግን ኤርዝበርገር የተባለ ሲቪል ፖለቲከኛ ነው። በዓመቱ ማርሻል ሂንደንቡርግ በምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ሠራዊቱ ከጀርባው ተወጋ አሉ። ኤርዝበርገር በ1921 ተገደለ። ጦርነቱን የተሸነፉት መኮንኖች ሽንፈቱን በሶሻሊስቱ፣ በአይሁዳዊውና በሪፐብሊኩ ጫንቃ ላይ ጣሉት፤ ሥራ አጥነት ሲመጣም የጥፋተኞቹ ስም ዝርዝር ከአሥር ዓመት በፊት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ቂም ለመያዝ መበደል ግድ እንዳልሆነ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም። ጣልያን የአንደኛው የዓለም ጦርነት አሸናፊ ሆና ሳለ ድሌን ተነጠቅሁ ባዮች በዙባትና በ1922 ሙሶሊኒ ሥልጣን ያዘ። ወርራ ዓድዋ ላይ የተሸነፈችውንም ሽንፈት ፋሺስቶቹ ያልተከፈለ ዕዳ አድርገው አስተማሩ፤ በ1935 ዕዳውን እናስከፍላለን ብለው መጡ።

«ሕዝቡ መረጠው» የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። በኖቬምበር 1932 የናዚዎች ድምፅ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቀንሶ 33.1 በመቶ ሆኖ ነበር። ሂትለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ቻንስለር የሆነው የቀድሞው ቻንስለር ፓፐንና ወዳጆቻቸው በካቢኔ ከበን እንይዘዋለን ብለው ፕሬዚዳንት የነበሩትን ሂንደንቡርግን ስላግባቡለት ነው። ይህ ግን መራጩን ከተጠያቂነት አያወጣውም፤ ከሦስት አንዱ ድምፅ ባይሰጠው ኖሮ ፓፐን ባልፈለጉትም ነበር። በማርች 23 ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለመንግሥት የሚያስረክበው አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ኮሚኒስቶቹ ታስረው ወይም ተሰደው ስለነበር አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። አዋጁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ናዚዎቹ የነበራቸው 288 መቀመጫ ሲሆን የጎደለውን የሞሉት ያልተራቡ፣ ሥራም ያላጡ የሌሎች ፓርቲዎች የምክር ቤት አባላት ናቸው። 444 ደገፉ፤ 94 ተቃወሙ፤ 94ቱም ሶሻል ዴሞክራቶች ነበሩ።