አስተባባሪ የሌለው ሥራ እንዴት ይሳካል?



የጀማዓችንን ኢፍጧር በሁለት መንገድ ማዘጋጀት እንችላለን። አንደኛው፣ አንድ ወንድም ስልኩን ይዞ «ቴምር ይገዛ፣ ሾርባው ይጣድ፣ ምንጣፉ ይነጠፍ» እያለ ሁሉን ሲያዝ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ቡድን ተራውን አስቀድሞ አውቆ የጨረሰው ለተከታዩ ሲያቀብል ነው። በመጀመሪያው የዚያ ወንድም ስልክ ከጠፋ ሥራው ሁሉ ይቆማል። በሁለተኛው ደግሞ ሾርባው የት እንደደረሰ በአንድ ቦታ ጠይቆ ማወቅ አይቻልም።

አምስት ኪሎ ሶፍትዌር የምንማር ተማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ በዌብ ሰርቪሶች ላይ እናገኘዋለን። በኢንተርኔት ዕቃ ሲገዛ ትዕዛዝ የሚቀበለው፣ ክፍያ የሚፈጽመውና ዕቃ የሚልከው አገልግሎት በተለያዩ ድርጅቶች ሰርቨሮች ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ማዕከል ሁሉንም በየተራ ሲጠራ ኦርኬስትሬሽን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው ቢፔል 2.0 ለዚህ የተዘጋጀ ቋንቋ ነው። አገልግሎቶቹ ያለ አዛዥ እርስ በርስ መልእክት ሲቀባበሉ ደግሞ ኮሪዮግራፊ ይባላል። በዚህኛው መረጃው በማዕከል በኩል ሳይዞር በቀጥታ ስለሚሄድ በአንድ በር ላይ መጨናነቅ አይኖርም።

ታዲያ ማዕከል ለምን አስፈለገ? የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ስንጠቀም መልእክቱ የሚያልፈው ባንኮቹ በጋራ ባቋቋሙት ኢትስዊች በኩል ነው። 30 ባንኮች ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ ቢገናኙ 435 መስመር ያስፈልጋል፤ በማዕከል ከሆነ 30 ይበቃል።

ከባዱ ነገር ግን ሥራው መሐል ላይ ሲቋረጥ ነው። ገንዘቡ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ባይደርስስ? እ.ኤ.አ. በ1987 ጋርሲያ-ሞሊና እና ሳሌም «ሳጋ» ያሉት ዘዴ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያካክስ እርምጃ አብሮ እንዲዘጋጅ ያደርጋል፤ ለተቀነሰው ገንዘብ መመለሻ፣ ለተያዘው ዕቃ መልቀቂያ። ማዕከል ካለ ይህን የሚያዘው እሱ ነው። ከሌለ ግን እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን መመለሻ ማወቅና የሠራውን መመዝገብ አለበት።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር ነው። የሰው ገንዘብ አማና ነው፤ አዛዥ በሌለበት ቦታ አማናውን የሚጠብቀው መዝገቡ ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ እህትና ወንድሞች፣ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት «መሐል ላይ ቢቆም የሰውየውን ገንዘብ ማን ይመልሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በኮዳችሁ ውስጥ ከሌለ ሥራው ገና አላለቀም።

ወላሁ አዕለም።