ሥራ ተገኝቶ ዋስ ሲጠፋ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የጋዜጣችሁ አንባቢዎች አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናቸው መጠን፥ ለእነርሱ ላሳስበው የምፈልገው አንድ ጉዳይ ስላለኝ፥ ይህችን አጭር ጽሑፍ በአንባቢዎች ደብዳቤ ዓምድ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩም ትምህርቱን ጨርሶ የመጀመሪያ ሥራውን ሊይዝ የደረሰ ወጣት ስለሚጠየቀው ዋስ ነው።

በቅድሚያ የሥራ ፈላጊን የዕለት ኑሮ ባጭሩ ልግለጽ። ጧት እንደ ተነሣ በቴሌግራም የወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች በስልኩ ያነባል። ብዙዎቹ የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ የሚጠይቁ ስለ ሆኑ ያልፋቸዋል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ሲያገኝ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ፥ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይሮ ይመዘገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀበል ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ስለ ሆነ፥ አንዱን ፈተና ከዩኒቨርሲቲው ሳይወጣ፥ ሌላውን ደግሞ በየቀጣሪው ደጅ ይፈተናል። ማታ ሲመለስ ያስጠጋው ዘመድ «እህ፥ ዛሬስ ምን አሉህ?» ይለዋል። ጥያቄው በፍቅር የሚጠየቅ ቢሆንም፥ በየቀኑ ሲደጋገም የቀረበው እንጀራ አልወርድ ይላል።

ተስፋውም ቢሆን ከመጠን ያለፈ አይደለም። አንድ ክፍል ቤት መከራየት፥ በወር መጨረሻ ለእናቱ ጥቂት ብር መላክ፥ የታናሽ እኅቱን የደብተር ወጪ መቻል፥ ሲሆንለትም በማታው ክፍለ ጊዜ ትምህርቱን መቀጠል ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ደጅ ጥናት አልፎ፥ ፈተናውንም ከሌሎች በልጦ «አልፈሃል» ሲባል፥ የመጨረሻው በር ይጠብቀዋል። ገንዘብ ያዥ፥ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ወይም ሹፌር ሆኖ የሚቀጠር ሰው፥ ቋሚ ደመወዝ ያለውና ይህንኑ ከመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ የሚያረጋግጥ ዋስ እንዲያቀርብ ይታዘዛል። አሠሪው ንብረቱን ለማያውቀው ሰው ሲያስረክብ መጠንቀቁ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ይህ ልማድ የሚመዝነው የወጣቱን ታማኝነት ሳይሆን የዘመዶቹን ደመወዝ ነው። አጎቱ በከተማው የደመወዝ ሰው የሆነለት በሁለት ቀን ጨርሶ ይቀርባል። ወላጆቹ ገበሬዎች የሆኑ የደብረ ማርቆስ ወይም የወልድያ ልጅ ግን፥ የአባቱ በሬና ማሳ አዲስ አበባ መጥተው ዋስ አይሆኑትም። ጓደኞቹም እንደ እርሱው ሥራ ፈላጊዎች፥ ወይም ገና በሙከራ ላይ ያሉ አዲስ ተቀጣሪዎች ናቸው።

እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት አንድ የንግድ ድርጅት ለገንዘብ ያዥነት አወዳድሮ ካሳለፈኝ በኋላ፥ በአምስት ቀን ውስጥ ዋስ እንዳቀርብ አዘዘኝ። በከተማው የማውቃቸውን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለመንሁ። አንደኛው ቀደም ብለው ለሌላ ሰው መፈረማቸውን ነገሩኝ። ሁለተኛዋ ከባለቤታቸው ጋር ተማክረው «ልጄ፥ ይቅርብን» አሉኝ። ሦስተኛው በደስታ እሺ ቢሉም፥ የደመወዝ ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤታቸው ተጽፎ እስኪወጣ ስምንት ቀን ፈጀ። ይዤው ስደርስ በቦታው ተጠባባቂው ተቀጥሮ ነበር። ዛሬ የሰው ልጆች እያስጠናሁ እተዳደራለሁ። ከሦስቱ አንዳቸውንም አልወቅስም፤ ዋስ የሚሆን ሰው የልጆቹን እንጀራ አስይዞ የሚፈርም ስለ ሆነ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ከልኩ ያለፈው ሕጉ በሚገባ ባለመታወቁ ይመስለኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በአንቀጽ 1922፥ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ስለዚህ ዋስ የሚሆን ሰው ወሰን ወደ ሌለው ዕዳ ዐይኑን ጨፍኖ እንዲገባ ሕግ አያስገድደውም። አቅሙ የሚፈቅደውን ልክ አስጽፎ፥ ውሉንም ደኅና አድርጎ አንብቦ ሊፈርም ይችላል።

በዚህ መሠረት ሦስት አሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ፤ አሠሪዎች የዋስትናውን ልክ ሠራተኛው በእጁ በሚይዘው ገንዘብና ንብረት መጠን ቢወስኑት፥ ገንዘብም ንብረትም ለማይረከብ ሠራተኛ ግን ዋስ መጠየቁን ቢተዉት።

2ኛ፤ ሠራተኛ እምነት አጉድሎ ለሚያደርሰው ጉዳት የመድን ውል የሚሰጡ ድርጅቶች በአገራችን ስላሉ፥ አሠሪዎች ሸክሙን ሁሉ በአንድ ደመወዝተኛ ጫንቃ ላይ ከመጣል ይልቅ ይህንንም መንገድ ቢመለከቱት።

3ኛ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከታቸው ክፍሎች የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ በተጠየቀበት ቀን ጽፈው ቢሰጡ። ይህኛው አዲስ ደንብም አዲስ በጀትም አያስፈልገውም። አንድ ወረቀት፥ አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም ብቻ ነው። በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን ያደረ ደብዳቤ ግን የአንድ ሰው የዓመት እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል።

የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ! ለማታውቁት ሁሉ ፈርሙ አልልም። ጠባዩን የምታውቁት፥ በዐይናችሁ ፊት ያደገ ወይም በጎረቤታችሁ የተጠጋ ልጅ ግን አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤታችሁ ይመጣል። እናንተም የመጀመሪያዋን ወንበራችሁን ስትይዙ፥ ስለ እናንተ ብዕር ያነሣ አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንዲሉ፥ ያ ልጅ ሲመጣ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት «ልኩ ስንት ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁት እለምናለሁ።

አንድ ሥራ ፈላጊ
ከአዲስ አበባ