ሊቀየር የሚችል የጫማ ሶል

ሊቀየር የሚችል ሶል ማለት ሲያልቅ ከጫማው ላይ ተነቅሎ በአዲስ ሊተካ የሚችል የጫማ የታችኛው ክፍል ነው። ከመሬት ጋር የሚፋተጉት ሶሉና ታኮው ስለሆኑ፣ በደንብ የተያዘ የቆዳ ጫማ ብዙውን ጊዜ ማለቅ የሚጀምረው ከታች ነው። የላይኛው ቆዳ ገና ደህና ሳለ ሶሉ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይበሳል። በዚህ ጊዜ ጫማው ይጣል ወይስ ይጠገን የሚለውን በዋናነት የሚወስነው፣ ሲሠራ ሶሉ ከላይኛው ክፍል ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው።

የማያያዣ ዘዴዎች

የዌልት ስፌት፦ ቆዳው በፎርማ ላይ ከተወጠረ በኋላ፣ ዌልት የሚባል ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ በጫማው ዙሪያ ከላይኛው ቆዳና ከውስጠኛው ሶል ጋር ይሰፋል። የውጭው ሶል ደግሞ በሌላ ስፌት ከጥብጣቡ ጋር ይያያዛል። ሶሉ ሲያልቅ የሚፈታው ይህ ሁለተኛው ስፌት ብቻ ስለሆነ የላይኛው ቆዳ አይነካም። በዚህ ምክንያት አንድን ጫማ ደጋግሞ ሶል መቀየር ይቻላል። ሥራው ለረጅም ዘመን በወስፌና በሰም በተቀባ ክር በእጅ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ ወደ ማሽን ተሸጋገረ። ማሽኑን ያስፋፋው ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከር ዘዴ ያገኘው የቻርልስ ጉድይር ልጅ ስለሆነ፣ ስፌቱ እስካሁን «ጉድይር ዌልት» ይባላል።

የብሌክ ስፌት፦ አሜሪካዊው ሊማን ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠራ መብት ባገኘበት ማሽን የሚሠራ ነው። አንድ ስፌት ከጫማው ውስጥ ተነስቶ የውስጡንና የውጩን ሶል በአንድ ላይ ይይዛል። ጫማው ቀላልና ተጣጣፊ ይሆናል። ሶሉን መቀየር ቢቻልም ልዩ ማሽን ይፈልጋል፤ በተሰፋ ቁጥርም የውስጠኛው ሶል እየተበሳሳ ይዳከማል።

ማጣበቅ፦ በአሁኑ ጊዜ ብዙ ጫማ የሚሠራው ሶሉን በማስቲሽ በማጣበቅ ነው። ዘዴው ፈጣንና ርካሽ ነው። ሶሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ተነቅሎ ሌላ ሊጣበቅበት ይችላል። ቀልጦ በቀጥታ ጫማው ላይ የተቀረጸ ሶል ግን ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

የጎማ ሶል

ድሮ የተራራ ወጪዎች ጫማ ሚስማር የተመታበት የቆዳ ሶል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ በአልፕስ ተራሮች ስድስት ጓደኞቹን በአደጋ አጣ፤ ለሞታቸው አንዱ ምክንያት ለበረዶ የማይሆን ጫማ ነበር። ከዚህ በኋላ ብራማኒ ድንጋይንና በረዶን የሚቆነጥጥ ጥልቅ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ሠራ። «ቪብራም» የሚለው የድርጅቱ ስም የራሱ ስም ምህጻር ነው። እንዲህ ያሉ ሶሎች ለብቻቸው ስለሚሸጡ በአሮጌ ጫማ ላይም ይገጠማሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከተሞች ጫማ ሰፊዎችና ብዙ ሊስትሮዎች ሶል ያጣብቃሉ፣ ታኮ ይቀይራሉ። በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ጫማ ሶሉ ከመላቀቁ በፊት ዙሪያውን ማሰፋትም የተለመደ ነው። ካረጀ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ደግሞ የጎማን ጥንካሬ ለሶል የመጠቀም የቆየ ምሳሌ ነው።

ዕድሜን የሚያራዝም አያያዝ

ሶል ለመቀየር እስኪበሳ መጠበቅ አያስፈልግም። መበላቱ ወደ ዌልቱ ወይም ወደ ውስጠኛው ሶል ከደረሰ ጥገናው ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ታኮም የታችኛው ንጣፉ ብቻ ሳለቀ ቢቀየር ጥገናው ቀላል ነው፤ በአንድ ጎን ተበልቶ ሲቆይ አረማመድንም ያዛባል።

አዲስ ሶል የሚጠቅመው የላይኛው ቆዳ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የራሰ ጫማ ከእሳትና ከጠራራ ፀሐይ ርቆ በጥላ መድረቅ፣ ቆዳውም እንዳይሰነጠቅ በየጊዜው ቅባት ማግኘት አለበት። አንዳንድ የፖሊዩሪቴን ሶሎች ደግሞ ሳይደረጉ ቢቀመጡም በአየር እርጥበት የተነሳ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራሉ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ጫማ ከመደረጉ በፊት ሶሉ ታጥፎ ቢታይ ይመረጣል።