ከበስተጀርባ ተቀምጦ የተማረው አብራሪ

ደረስጌ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ደጃዝማች ውቤና ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. የተዋጉበትን ሜዳ ነው። ያ ጦርነት በጎራዴ፣ በጦርና በነፍጥ የተደረገ ነበር። ከ81 ዓመት በኋላ የዚሁ አካባቢ ሰው ሲዘምት ግን ሞት ከሰማይ ይወርድበት ጀመር።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የሰሜንና የወገራ ሰው በደጃዝማች አያሌው ብሩ መሪነት ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሆኖ ተከዜን ተሻገረ። ደንበጉና ላይ የኢጣሊያን ትንንሽ ታንኮች ሳይቀር ተናንቆ አሸነፈ። ይህ ድል አድራጊ ሠራዊት በየካቲት መጨረሻ ከሽሬ ሲመለስ ተከዜ መሻገሪያ ላይ አውሮፕላን ደረሰበት፤ ቦምብና መርዝ ዘነበበት። ቀና ብሎ ቢያይ የሚከላከልለት የወገን አውሮፕላን አልነበረም።

«ያኔ ኢትዮጵያ አውሮፕላን አልነበራትም ወይ?» ብለው ተማሪዎቻችን ይጠይቁናል። ነበራት። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። በ1923 ዓ.ም. ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የተባሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። የሚያሳዝነው፣ የበጌምድር ሠራዊት አውሮፕላንን ያወቀው ከዚያ በፊት ነበር፤ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ ቦምብ ሲጣል። አብራሪው ፈረንሳዊ ነበር። ኢጣሊያ በመጣች ጊዜ የነበሩን አውሮፕላኖች ከሃያ አይበልጡም፤ አብዛኞቹም መሣሪያ የላቸውም። ጠላት ያሰለፋቸው በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር።

የእነዚህ ጥቂት አውሮፕላኖች አዛዥ ማን እንደነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጆን ሮቢንሰን ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ሮቢንሰን ያደገው በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ግዛት ገልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በልጅነቱ አንድ አውሮፕላን ባሕሩ ላይ ሲያርፍ አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ነገር ግን በዚያ አገር ጥቁር ልጅ አውሮፕላን አበራለሁ ቢል የሚሰማው አልነበረም። ተስኪጊ በሚባለው የጥቁሮች ተቋም የመኪና ጥገና ተምሮ ወደ ቺካጎ ሄደና በመካኒክነት ተቀጠረ። እዚያ ከርቲስ ራይት ወደተባለው የበረራ ትምህርት ቤት ቢያመለክት በቆዳው ቀለም ምክንያት መለሱት።

እንግዲህ ታሪኩን የጻፉት እንደሚሉት፣ ሰውዬው በበሩ መግባት ቢከለከል በመጥረጊያው ገባ። ቅዳሜና እሑድ የዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆነ። መምህሩ ሲያስተምር እሱ ከበስተጀርባ ቆሞ ያዳምጣል፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ይገለብጣል። ማታ ደግሞ የተማረውን ለጓደኞቹ ያስተምራል። በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ያለፍን ሰዎች ይህን ዓይነቱን ልጅ እናውቀዋለን፤ ከብት አግዶ መጥቶ ከደጅ ሆኖ የሚቀራውን ልጅ ነው። ሮቢንሰንና ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ በመጨረሻ ተቀባይነት አግኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ከዚያ ትምህርት ቤት የተመረቁ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች ሆኑ። አብረውም የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን የማረፊያ ሜዳ ሠሩ።

በ1927 ዓ.ም. አሜሪካ ይማር የነበረው ዶክተር መላኩ በያን ለኢትዮጵያ አብራሪ ሲፈልግ ሮቢንሰን እሺ አለ። ገና ሠላሳዎቹን የጀመረ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቶት የአየር ኃይሉን አዛዥነት ተረከበ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ዓድዋን ስትደበድብ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜኑ ግንባር ማመላለስ ሆነ። መትረየስ የሌለው አውሮፕላን ከተዋጊ አውሮፕላን የሚያመልጠው ዝቅ ብሎ በመብረርና በደመና ውስጥ በመሸሽ ነው። ስለዚህ «ስንት ጥሏል?» ብለን ብንጠይቅ ግፍ ይሆናል፤ የሚጥልበት አልሰጡትም።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ አገሪቱ ልትያዝ ስትል ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ቺካጎ ውስጥ ሕዝቡ እንደ ጀግና ተቀበለው። እሱ ግን ጊዜውን በጭብጨባ አላጠፋም፤ ወዲያው የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ቀድሞም ተስኪጊ የተማረበት ተቋም በረራ እንዲያስተምር ጎትጉቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታዋቂ የሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን የጦር አብራሪዎች የሠለጠኑት እዚያው ተስኪጊ ነው።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም. አሠልጣኞች አስከትሎ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ያስተማረው የእኛን ልጆች ነው፤ ቀድሞ እሱን ከደጅ የመለሱበትን ትምህርት ያለ ክልከላ አስተማራቸው። ኑሮውንም አዲስ አበባ አደረገ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ሕይወት ለማዳን በትንሽ አውሮፕላን ሲበር ተከሰከሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላም በደረሰበት ጉዳት አረፈ። መቃብሩ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ይገኛል።