ሕፃን በምን ሚዛን ይመዘናል?

ቀኝ እጅን በአናት ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮን መንካት። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ያሉ አንባብያን ይህን ከወላጆቻቸው ሰምተውት ይሆናል እንጂ በራሳቸው የደረሰባቸው ብዙዎች አይመስሉንም። በእኛ ልጅነት ግን የልደት የምስክር ወረቀት በማይታወቅባቸው ብዙ የአገራችን አካባቢዎች ወደ አንደኛ ክፍል የሚያስገባው ፈተና ይህ ነበር። ጣቱ ከጆሮው የደረሰለት ስሙ ይመዘገባል፤ ያልደረሰለት «ለከርሞ ና» ተብሎ ይመለሳል። እኛም የገባነው በዚሁ በር ነው፤ አንገታችንን ትንሽ ማዘንበላችንን መዝጋቢው አላዩብንም።

ነገሩ ሲያስቡት የዋዛ አይደለም። አንድ ሕፃን ሲወለድ ጭንቅላቱ ከጠቅላላ ቁመቱ አንድ አራተኛ ያህል ይሆናል፤ በአዋቂ ሰው ግን ከሰባት ወይም ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው። የሕፃኑ አንጎል 6 ዓመት አካባቢ ሲደርስ የአዋቂውን መጠን 90 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ እጅና እግሩ ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ስለዚህ የክንድ ርዝመት ከጭንቅላት መጠን ጋር ሲነጻጸር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄዶ፣ በ6 እና በ7 ዓመት መካከል ጣቶች ከጆሮ ይደርሳሉ። መሣሪያው የሚለካው እንግዲህ የአካል ክፍሎችን ምጥጥን ነው። ዕድሜን የሚነግረን በተዘዋዋሪ ነው፤ በምግብ እጥረት የቀነጨረውን ልጅ ይበድላል፤ ስለ ብልህነት ምንም አይናገርም። አንድ መልካም ጠባይ ግን ነበረው። ወላጅ ልጁን ለዚህ ፈተና ማስጠናት አይችልም፤ በኑዌርኛም፣ በአኙዋክኛም፣ በአማርኛም ለሚናገር ልጅ ጆሮው ያለው እዚያው ቦታ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ክረምት ከመግባቱ በፊት ልጇን ይዛ ወደ ቤታችን መጣች። ልጅቱ 5 ዓመት ገደማ ይሆናታል። «ገደማ» ያልነው እናቲቱ የምታስታውሰው ባሮ ሞልቶ ሜዳውን የወረረበትን ክረምት እንጂ ቀኑን ስላልሆነ ነው። «ዶክተር፣ የግል ትምህርት ቤት ላስገባት ነው፤ ፈተና አለው አሉኝ። እርስዎ ውጭ አገር ድረስ የተማሩ ነዎት፣ ያዘጋጁልኝ» አለችን። ስለ ኤሌክትሮን ብንጠየቅ ይሻለን ነበር። ሆኖም የጎረቤት ነገር ሆነና እሺ አልን።

በአዲስ አበባ ስመ ጥር በሚባሉ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ወላጆች ለምዝገባ ሌሊቱን ወረፋ ይዘው ማደራቸው ለብዙዎቻችን እንግዳ ወሬ አይደለም። ከወረፋው ቀጥሎ የ4 ወይም የ5 ዓመት ሕፃን ከማያውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ ስሙን፣ ቀለማትን፣ ቁጥሮችንና ፊደላትን ይጠየቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም በእንግሊዝኛ። ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። ወላጅን አንወቅስም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። ይህን በዓይኗ ያየች እናት አማራጭ ብትፈልግ ምን ይደንቃል?

እንግዲህ ጥፋታችንን እንናገር። ሥዕላዊ ካርዶች ገዛን። ለሦስት ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ልጅቱን አስቀምጠን «ስምሽ ማን ነው?»፣ «ይህ ቀለም ምንድን ነው?» እያልን በእንግሊዝኛ ደጋገምንላት። ልጆች ድምፅ በመቅዳት ተወዳዳሪ የላቸውምና ሁሉንም ያዘች። እኛም ኮራን። በፈተናው ዕለት መምህሯ ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ «ደኅና ነሽ?» ስትላት ልጅቱ ሙሉ ስሟን ተናገረች። ቅደም ተከተሉን ነበር ያጠናችው። ቀጥሎ ስድስት እርሳሶች ተደርድረውላት «ስንት ናቸው?» ተባለች፤ በጣቷ እየነካች ቆጠረችና «ባኬል» አለች። እናቲቱ ከበሩ ሆና ትሰማ ነበር። በወረቀቱ ላይ የኤክስ ምልክት ተደረገ። ውጤቱም «ገና አልደረሰችም» የሚል ሆነ።

«ባኬል» በኑዌርኛ ስድስት ማለት ነው።

በዚህ ቃል ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ለሒሳብ ወዳጆች የሚጣፍጥ ነገር አለውና። በኑዌርኛ አንድ «ኬል»፣ ሁለት «ሬው»፣ ሦስት «ዲዮክ»፣ አራት «ንጓን»፣ አምስት «ዲዬች» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ባኬል፣ ባሮው፣ ባዳክ፣ ባንጓን ናቸው። አንባቢ እንደሚያስተውለው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚሉት ቃላት «ባ» እየቀደማቸው ተመልሰው መጥተዋል። ስድስት ከአምስት አንድ ያለፈ መሆኑ በስሙ ውስጥ ተጽፏል። በአማርኛ «ስድስት» የሚለው ቃል ስለ አምስትና ስለ አንድ የሚነግረን ነገር የለም። በአንጻሩ አማርኛ ከአሥር በላይ ሲሻገር «አሥራ አንድ»፣ «አሥራ ሁለት» ብሎ አሠራሩን ይገልጣል፤ በእንግሊዝኛ 11 እና 12 ለሕፃን ጆሮ ምንም ፍንጭ የሌላቸው ሁለት አዳዲስ ቃላት ናቸው። የቻይናና የአሜሪካ ሕፃናትን ያነጻጸሩ ጥናቶች እስከ 10 ባለው ቆጠራ እምብዛም ልዩነት ሳያገኙ፣ ከ10 በላይ ግን የቻይናዎቹ ሕፃናት እንደሚቀድሙ አሳይተዋል፤ ቻይንኛም እንደ አማርኛ «አሥር አንድ» ይላልና። የ5 ዓመት ልጅን በእንግሊዝኛ እስከ 20 ቁጠር ማለት እንግዲህ ከእርሱ ቋንቋ ይልቅ የጎደፈ መሰላል አቁሞ ውጣ እንደ ማለት ነው።

የቀለሙም ነገር ከዚህ አይርቅም። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ ኑዌሮች የከብት ቀለምንና ዝንጉርጉርነትን የሚለዩባቸው ቃላት ሲጣመሩ በመቶ እንደሚቆጠሩ ጽፏል። በእርግጥ የኒውላንድ ልጅ ሁሉ ከብት ጠባቂ አይደለም፤ የጎረቤታችን ልጅ ከላም ይልቅ ባጃጅ ታውቃለች። ቢሆንም የቀለም ዕውቀት ማለት የአራት የፕላስቲክ ካርዶችን ስም በእንግሊዝኛ መጥራት ብቻ ነው ብሎ የሚነሣ ፈተና የሚለካውን ነገር ለይቶ አላወቀም።

ይህን ችግር ተመራማሪዎች ያውቁታል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ለረጅም ዓመታት ተከታትሏል፤ ከእነዚህ 3,000 ያህሉ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል የሚኖሩ ናቸው። ልጆቹ 5 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከአራት ሥዕሎች ከተጠራው ቃል ጋር የሚስማማውን እንዲያሳዩ ተጠይቀዋል። አጥኚዎቹ መለኪያውን ወደ ልጆቹ ቋንቋዎች ከመለሱት በኋላ እንኳ በአንድ ቋንቋ የተገኘን ነጥብ በሌላ ቋንቋ ከተገኘ ጋር ማወዳደር እንደማይገባ አስጠንቅቀዋል። አንድ ቃል በአንዱ ቋንቋ ቀላል፣ በሌላው ከባድ ሊሆን ይችላልና። ተመራማሪ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ በ10 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ የሚወስን ትምህርት ቤት ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው ነበር?

አሁን ወደ ሙያችን እንመለስ። በቤተ ሙከራ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችንን የፔንዱለም ምልልስ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ለክተው ሲያመጡ እንመልሳቸዋለን። ደግማችሁ ለኩ፤ የልኬቱን ስሕተት አስሉ እንላለን። ሕፃን ግን ከፔንዱለም ይልቅ ተለዋዋጭ ነው። ዛሬ እንቅልፍ አጥቷል፤ ነገ ወባ ይይዘዋል፤ ከነገ ወዲያ የፈታኟ መነጽር ያስፈራዋል። እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። 200 ሕፃናት ተፈትነው 40ዎቹ ተቀባይነት አገኙ እንበል። ያው ፈተና ለእነዚያው ልጆች በሳምንቱ ቢደገምና በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለው ተዛምዶ 0.6 ቢሆን፣ ነጥቦቹም የተለመደውን የደወል ቅርጽ ስርጭት ቢከተሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ 40 ልጆች በሁለተኛው ፈተና ተመልሰው የሚገቡት 20 ያህሉ ብቻ ናቸው። ግማሹ ይለወጣል ማለት ነው! 0.6 ያልነው ለምሳሌ ነው፤ አንባቢ ሌላ ቁጥር ወስዶ ራሱ ቢሞክረው ደስ ይለናል።

በዚህ ላይ የዕድሜ ጣጣ አለ። በአንድ ወንበር ከሚፈተኑት መካከል አንዱ ልክ 4 ዓመቱ፣ ሌላው 4 ዓመት ከ11 ወር ቢሆን፣ ታላቁ የታናሹን ዕድሜ ሩብ ያህል ተጨማሪ ኖሯል። የ20 ዓመት ተማሪ ከ25 ዓመት ተማሪ ጋር እንደ መወዳደር ነው። በአገራችን ደግሞ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በሥርዓት መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በመሆኑ ብዙ ወላጆች ትክክለኛውን ቀን አያውቁትም።

የሕፃናት ምዘና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የመጀመሪያውን መለኪያ ሲያወጣ ዓላማው ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ እንዲታገዙ ማድረግ ነበር። ደካማውን ፈልጎ ለመርዳት የተሠራ መሣሪያ ደካማውን ፈልጎ ከበር ለመመለስ ሲውል ማየት ያሳዝናል። እዚህ ላይ ወገንተኞች መሆናችንን አንደብቅም።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ማክጋሪግልና ዶናልድሰን በስኮትላንድ ያደረጉት ሙከራ ነው። ቀደም ሲል ፒያዤ እኩል ቁጥር ያላቸውን ሁለት ረድፍ ጠጠሮች ለሕፃናት አሳይቶ፣ አንዱን ረድፍ ሰብሰብ አድርጎ ሲጠይቃቸው «ረጅሙ ይበልጣል» ይሉ ነበር፤ ከዚህም ሕፃናቱ ብዛት እንደማይለወጥ ገና አልተረዱም የሚል ድምዳሜ ተወሰደ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ግን ረድፉን ራሳቸው ከመነካካት ይልቅ አንድ «ረባሽ» የአሻንጉሊት ድብ ከሣጥኑ ወጥቶ እንዲያዛባው አደረጉ። ያን ጊዜ በትክክል የመለሱት ልጆች ቁጥር እጅግ ጨመረ። ትልቅ ሰው ሆን ብሎ ነክቶ ያንኑ ጥያቄ ሲደግም ሕፃኑ «መልሴን ቀይር ማለታቸው ነው» ብሎ ይረዳልና። ታላቅን ማክበር ከጡት ጋር በሚጠባበት በእኛ አገር ይህ ዝንባሌ ምን ያህል እንደሚበረታ አንባቢ ይገምት።

ታዲያ ልጁን ምን እናድርገው? ሥዕላዊ ካርዶቹን ሰጥተን፣ ኑዌርኛ አፉን የፈታበት አንድ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪያችንን እርዳን አልነው። ራማኒና ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡትን ጥናት ተከትለን በካርቶን ላይ ከ1 እስከ 10 በተርታ ሣጥኖች ሠራን። ልጆቹ በዕጣ የወጣላቸውን አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፤ ሲሄዱም የረገጡትን ቁጥር ይጠራሉ፤ ሌላ ምንም የለውም። በጥናቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናት 15 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ጨዋታ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጫውተው የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሽሏል፤ ከ9 ሳምንት በኋላ ሲታዩም አልጠፋባቸውም። በቁጥር ፈንታ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ የተጫወቱት ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳዩም። የእኛ ካርቶን የተገኘው ከሱቅ የፓስታ ማሸጊያ ሲሆን መሄጃዎቹ ከባሮ ዳር የተለቀሙ ጠጠሮች ናቸው። እናቲቱም ማታ ማታ ተረት በራሷ ቋንቋ እንድትነግራት፣ ዓይኗንና ጆሮዋንም በጤና ጣቢያ እንድታስመረምርላት ነገርናት። ማስታወቂያ የሚነገርለት ምክር አይደለም።

ልጅቱ መስከረም ላይ በመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ገባች። ጨዋታው አልቀረም፤ አሁን የሰፈሩ ልጆች አራት አምስት ሆነው ከበራችን ፊት ይጫወቱታል። መጀመሪያ በኑዌርኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ መቁጠር የልጆቹ የራሳቸው ደንብ ነው፤ ማን እንዳወጣው አናውቅም። እኛም ተራ ሲደርሰን «ባንጓን» ስንል አፋችን አልታዘዝ ብሎን ስናበላሸው ወደ ሣጥን 1 እንመለሳለን። ይህም ደንብ ነው።

ባለፈው ሐምሌ በአናቷ ላይ እጇን ስታሳልፍ ከጆሮዋ ሁለት ጣት ያህል ይቀራት ነበር። በዚህ ሳምንት ስንለካ አንድ ጣት ቀርቷታል። እናቲቱ በግል ትምህርት ቤቱ ደግማ ታስፈትናት እንደሆነ ገና አልወሰነችም፤ ምዝገባው ነሐሴ ላይ ይከፈታል ተብሏል።